ለቃለ መጠይቅ ለምትዘጋጁ ልጆቼ

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

በሂሳብ ሥራ ሠላሳ ዓመት ያህል አገልግያለሁ፤ ከዚህም ውስጥ ብዙውን ጊዜ የቅጥር ኮሚቴ አባል ሆኜ እናንተን የመሰሉ አመልካቾችን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ዕውቀት ያነሰው ልጅ ሳይሆን ያለውን ዕውቀት በሌለው ሸፍኖ የሚመጣው ነው።

አንድ ወጣት ሲቪው ላይ «ፒችትሪ በሚገባ እችላለሁ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ፒችትሪ የሂሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ነው። የሂሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ ማስታወቂያ ሁሉ ፒችትሪ ይጠይቅ ስለነበር የማይጽፈው አመልካች አልነበረም ማለት ይቻላል። ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠን አንድ የክፍያ ሰነድ እንዲመዘግብ ብንሰጠው፣ ማውሱን ወዲያና ወዲህ ሲያንከራትት ቆይቶ ግንባሩ በላብ ራሰ። ይኸው ልጅ ግን ጥቂት ቀደም ብሎ በወረቀት የሰጠነውን የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ (የባንኩን መግለጫ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር)፣ ያልተመነዘሩትን ቼኮች አንድ በአንድ ለይቶ፣ ያለ ስሕተት ሠርቶት ነበር። «ሶፍትዌሩን ነክቼው አላውቅም፤ የመዝገብ አያያዙን ግን ጠንቅቄ አውቃለሁ» ቢለን ኖሮ ሶፍትዌሩን እኛው እናስተምረው ነበር። አንዱን ዋሽቶ ስለተገኘ ግን ሌላውንም የነገረንን ማመን አቃተን፤ ሳንቀጥረው ቀረን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ፍለጋ የምትንከራተቱትን መንከራተት አውቀዋለሁ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ እናሠራልህ የሚል ሰው እንደማይጠፋም እንዲሁ። ነገር ግን በዚያ ደብዳቤ ብትቀጠሩ እንኳ ጉዳዩ በዚያ አያበቃም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘን ሠራተኛ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብተው ይችላል። ሠርቼዋለሁ ያላችሁትን ሥራ፣ በነጋታው አለቃችሁ አምጥቶ ጠረጴዛችሁ ላይ ያስቀምጠዋል።

በሌላ ጊዜ የቀረበች አመልካች በሲቪዋ ላይ አራት ዓመት ባዶ ትታ ነበር። ስንጠይቃት የፋይሏን ጠርዝ እያሻሸች ዝም አለች፤ ከዚያም «ዓረብ አገር ሰው ቤት ስሠራ ነበር» አለችን። የቤቱን አስቤዛ እሷው እንደምትገዛ፣ የወጣውንም በየወሩ በደብተር ጽፋ ለእመቤቲቱ እንደምታስረክብ ስትነግረን ድምፅዋ እየጠነከረ ሄደ። ከዚህ የተሻለ የገንዘብ ያዥነት ማስረጃ በዚያን ቀን አላየንም፤ ተቀጠረች። ልታፍርበት የማይገባትን ሥራ ደብቃ መምጣቷ ግን ልቤን ነክቶታል።

ይህን ስል ጓዳችሁን ሁሉ ዘርግፉ ማለቴ አይደለም። ስለ ትዳር ወይም ስለ ሃይማኖት ብትጠየቁ «ከሥራው ጋር አይገናኝም» ብሎ በትሕትና ማለፍ ውሸት አይደለም። ስለ ድክመታችሁ ስትጠየቁም በቃል ያጠናችሁትን «ሥራ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም» አትበሉ፤ ከእናንተ በፊት የገቡት ብለውታል።

ከቃለ መጠይቁ በፊት ባለው ምሽት ሲቪያችሁን አውጥታችሁ እያንዳንዱን መስመር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ «ይህን የት ሠራሁት? ነገ ሥሪ ወይም ሥራ ብባል እሠራዋለሁ?» እያላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልስ ያጣችሁለትን መስመር በዚያው ምሽት ሰርዙት።