የፑል ዱላ መያዣ፦ ክር የለበሰው ይሻላል ወይስ ባዶው እንጨት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ፑል የተጫወትሁት በየፑል ቤቱ በሚገኝ ዱላ ነበር፤ አሁን ግን የራሴን፣ ለሁለት የሚፈታ ስቲክ ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት ዱላዎች መርጦ ፎቶግራፋቸውን ልኮልኛል። የአንደኛው መያዣ ክር ተጠቅልሎበታል፤ ሁለተኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ እንጨት ነው። ጓደኞቼ ሁለተኛውን አይተው “ይህማ የፑል ቤት ዱላ ነው፣ ርካሽ ነው” ይሉኛል። ለመሆኑ ልዩነቱ በኳሱ ላይ ይታያል? የትኛውንስ ልግዛ? እግረ መንገዴን ለመጥቀስ ያህል፣ ጨዋታ ሲከር እጄን በጣም ያልበኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እግረ መንገድዎን የጠቀሱት ነገር የጥያቄዎ ዋና ፍሬ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። ባዶ እንጨት የምንለው መያዣ በእውነቱ ባዶ አይደለም፤ በላዩ ላይ ተደራርቦ የተቀባና እንደ መስታወት እስኪያበራ ድረስ የተወለወለ ቫርኒሽ አለ። ደረቅ እጅ በዚህ ገጽ ላይ ያለ ችግር ይንሸራተታል። ላብ ሲነካው ግን ቫርኒሹ እርጥበቱን መምጠጥ ስለማይችል፣ መያዣው አንዳንዴ ከእጅ ጋር ይጣበቃል፣ አንዳንዴም ያሟልጫል። በዚህ ጊዜ ተጫዋቹ ሳያውቀው ጣቶቹን ማጥበቅ ይጀምራል፤ ጣቶች ሲጠብቁ የእጅ አንጓ ይደርቃል፤ አንጓው ከደረቀ ዱላው በመጨረሻዋ ቅጽበት ትንሽ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይላል፣ ነጩ ኳስም ታስቦ በነበረበት ነጥብ ላይ አይመታም። ተጫዋቹ ግን ጥፋቱን የሚፈልገው በዓይኑ ወይም በአቋቋሙ ላይ ነው። ይህን ያህል የማብራራው ብዙ ጥሩ ተጫዋቾች በዚህ ምክንያት ለወራት ሲደክሙ ስላየሁ ነው።

በመያዣ ላይ የሚጠቀለለው የታወቀው ክር ከተልባ እግር የተፈተለና በተለምዶ የአየርላንድ የተልባ እግር ተብሎ የሚጠራው ነው። ይህ ክር ላብን ይመጥጣል፤ ሸካራነቱም ለእጅ የማይጎረብጥ፣ ነገር ግን ዱላው በላላ አያያዝ እንኳ እንዳያመልጥ የሚበቃ ነው። እንግዲህ የክሩ ጥቅም ዱላውን አጥብቆ ለመያዝ ሳይሆን፣ አጥብቆ መያዝ እንዳያስፈልግ ለማድረግ ነው።

በኳሱ ላይ ልዩነት ይታያል ወይ ላሉት፣ በቀጥታ አይታይም። የዱላው ጫፍ ከነጩ ኳስ ጋር የሚነካካው ለአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ወይም ከዚያ ትንሽ ለበለጠ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ የመያዣው ልባስ ለኳሱ የሚጨምርለትም የሚቀንስበትም ነገር የለም። የዓለም ፑል ማኅበር የመሣሪያ ደንብም የዱላን ርዝመት ከ1.016 ሜትር እንዳያንስ፣ የጫፉን ስፋት ከ14 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ክብደቱንም ከ25 አውንስ፣ ማለትም ከ709 ግራም ገደማ እንዳያልፍ ይወስናል እንጂ መያዣው ልባስ ይኑረው አይኑረው አይልም። ልዩነቱ ወደ ኳሱ የሚደርሰው በእጅዎ በኩል ብቻ ነው።

ጓደኞችዎ ስለ ርካሽነት የሚሉትን አልቀበልም። የፑል ዘመድ የሆነው የስኑከር ጨዋታ ዱላ በአብዛኛው ልባስ የለውም፤ የዓለምን ሻምፒዮና ሰባት ሰባት ጊዜ ያሸነፉት ስቴፈን ሄንድሪና ሮኒ ኦሱሊቫን የተጫወቱትም በባዶ እንጨት ነው። በአንጻሩ በአሜሪካ የፑል ዱላ ሥራ ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው ጆርጅ ባላቡሽካ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በሠራቸው ዱላዎች መያዣ ላይ የአየርላንድ ክር ይጠቀልል ነበር። ሁለቱም መንገድ የራሱ ክብር አለው። የአንድ ዱላ ዋጋ የሚወሰነው በእንጨቱ መድረቅና አለመጣመም፣ በመገጣጠሚያው ጥራት፣ ከሁሉም በላይ ከጫፉ አጠገብ ባለው ቀጭኑ ክፍል ነው።

ባዶው እንጨት እውነተኛ ብልጫም አለው። ዱላው ነጩን ኳስ በሚነካበት ቅጽበት የኋላው ክንድ ከክርን በታች ወደ መሬት ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ይፈለጋል፤ ይህ ቦታ ግን እንደ ቁመትና እንደ አመታት ይለያያል። ክሩ የሚሸፍነው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የረጅም ሰው እጅ ብዙ ጊዜ ከክሩ ኋላ ያርፋል፤ ግማሹ መዳፍ በክር፣ ግማሹ በቫርኒሽ ላይ ሲሆን ደግሞ አያያዙ ይረበሻል። ቁመትዎ ከፍ ያለ ከሆነ ወንድምዎ ክሩ የት ላይ እንደሚያበቃ ለክቶ እንዲነግርዎ ያድርጉ።

አዲስ አበባ ቢኖሩና እጅዎ ደረቅ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ብርድና ደረቅ አየር ባዶውን እንጨት ይግዙ እልዎት ነበር። እርስዎ ግን በድሬዳዋ ሙቀት የሚጫወቱ፣ እጅዎንም የሚያልብዎ ሰው ስለሆኑ ክር የተጠቀለለበትን ይግዙ። ዱላው እንደ ደረሰዎ ጥፍርዎን ከእንጨቱ ወደ ክሩ ቀስ አድርገው ያንሸራትቱ፤ ክሩ በተቀረጸለት ቦይ ውስጥ ከእንጨቱ ጋር እኩል ተኝቶ ከሆነ ጥፍርዎን አይዘውም፤ ከያዘው አጠቃለሉ የተጣደፈ ሥራ ነው። ክሩ የቾክ ብናኝና ፓውደር ስለሚሰበስብ፣ በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ጠርገው ካደረቁት በኋላ በንጹሕ ጠርሙስ ጎን ደጋግመው ይሹት፤ የተነሣው የክሩ ቃጫ ይተኛል።

ጥያቄ፦ በክር ፈንታ ቆዳ ቢሆንስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቆዳ ከክር ይልቅ ሞላ ብሎ ይያዛል፣ በቶሎም አይቆሽሽም፤ ላብ በመምጠጥ ግን ክሩን አይተካከልም። ዋናው ጣጣው ስፌቱ ነው። ቆዳው በመያዣው ዙሪያ ተጠምጥሞ ሁለቱ ጠርዞች የሚገናኙበት መስመር በቁመት ይወርዳል፤ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የገዛሁት ባለ ቆዳ ዱላ መስመሩ ጎልቶ ስለነበር፣ ከያንዳንዱ ምት በፊት ዱላውን እያዞርሁ መስመሩን ከጣቴ ሥር ለማራቅ አንድ ዓመት ያህል ደክሜበታለሁ። የደጋ በጎቻችን ቆዳ ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ ለጎልፍ ጓንት በዓለም የሚፈለግ ነው፤ ለመያዣም ያምራል፤ ነገር ግን የሚለጠጥ ስለሆነ በማስቲሽ ከመለጠፉ በፊት በሚገባ መወጠር አለበት፤ አለዚያ በወራት ውስጥ ይላላል።

ጥያቄ፦ ባዶ የሆነውን ዱላዬን በኋላ ክር ላስለብሰው እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን በእንጨቱ ላይ ቦዩን በቶርኖ ማውጣት ስለሚያስፈልግ፣ ሥራው የፑል ዱላ ለሚያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር ለማንም አይሰጥም፤ ዱላው በቶርኖው ላይ ጥቂት እንኳ ከመሐሉ ከወጣ፣ አንዱ ጎን ጠልቆ ይቆረጥና የሚመለስበት መንገድ የለም። ከዚያ በፊት ከብስክሌት የውስጥ ጎማ አንድ ጭብጥ ቆርጠው በመያዣው ላይ በማጥለቅ ለሁለት ሳምንት ይጫወቱበት። በዚህ ጊዜ እጅዎ ከላላና አመታትዎ ከተስተካከለ ቶርኖውን ያስቡበት፤ ለውጥ ካላዩ ጎማውን አውልቀው ዱላዎን እንዳለ ይተዉት።