ጉሩ እና የንስሐ አባት፦ ከሕንድ የመጣ ጥያቄ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ ነው ያለሁት። ጉሩ ፑርኒማ በሚሉት በዓል ቀን አብረውኝ የሚማሩት ሁሉ የፕሮፌሰራችንን እግር እየነኩ ምርቃት ተቀበሉ። እኔ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ቀረሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ደግሞ "ጉሩዬ (መንፈሳዊ መምህሬ) ጋ ልውሰድሽ፣ ማንትራ (እየደጋገሙ የሚሉት ቅዱስ ቃል) ይሰጥሻል፣ ሃይማኖት መቀየር አያስፈልግሽም" ትለኛለች። "አንቺስ የንስሐ አባት አለሽ አይደል? ያው ነው" አለችኝ። እውነት ያው ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጥያቄሽ በጣም ደስ ብሎኛል። "እነሱ የሌላ እምነት ሰዎች ናቸው፣ ተያቸው" ብዬ ባልፈው አንቺንም ጓደኛሽንም መናቅ ይሆንብኛል። አብረሻቸው ትኖሪያለሽና የሚያምኑትን በደንብ ልታውቂው ይገባል።

በሂንዱ ትውፊት ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ መዳን የለም። ሙንዳካ ኡፓኒሻድ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፋቸው፣ እውነትን የሚፈልግ ሰው እንጨት በእጁ ይዞ ወደ ጉሩ ይሂድ ይላል። እንጨቱ ለመምህሩ የመሥዋዕት እሳት ማገዶ ነው። ጉሩውም ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል፦ ቬዳ የተባሉትን ቅዱሳት መጻሕፍታቸውን የተማረ መሆን አለበት፣ በሚያስተምረውም እውነት ራሱ ጸንቶ መኖር አለበት። በጥንቱ ሥርዓት ልጁ ከቤቱ ወጥቶ መምህሩ ቤት ይኖራል። ከብት ይጠብቃል፣ ምግብ ይለምናል፣ ቃሉን ከመምህሩ አፍ እየሰማ በቃሉ ይይዛል።

የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ይህን ሲሰማ አይገረምም። የኔታ ቤት እንጨት መልቀምና ውኃ መቅዳት፣ ቀን ለምኖ ማታ ቃል መቀበል የእኛም ታሪክ ነው። መምህርን ማክበር ከሁለታችንም ዘንድ አለ፤ በዚህ ጓደኛሽ ልክ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። ታይቲሪያ ኡፓኒሻድ ትምህርቱን ጨርሶ የሚሰናበተውን ተማሪ "እናትህን፣ አባትህን፣ መምህርህን፣ እንግዳህንም እንደ አምላክ ቁጠር" ይለዋል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ይህንን ነው። እዚያው አጠገቡ ግን መምህሩ ከእኛ ሥራ መልካሙን ብቻ ተከተል፣ ሌላውን ተው ይለዋል። እንዴት ያለ ትሑት ቃል ነው! ጓደኛሽ ጋ ስትጨዋወቱ ይህንንም አስታውሻት።

ልዩነቱ የሚጀምረው በጉሩ ፑርኒማ ከሚደገመው ጸሎት ነው። በዓሉ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ቀን ይውላል። ቬዳዎችን አደራጀ የሚባለው የቪያሳ መታሰቢያም ነው። ጸሎቱ ጉሩ ብራህማ ነው፣ ጉሩ ቪሽኑ ነው፣ ጉሩ ሺቫ ነው (ሦስቱ ዋና አማልክቶቻቸው ናቸው)፣ ጉሩ ራሱ የበላዩ ብራህማን (የሁሉ ምንጭ የሚሉት) ነው፣ ለእርሱ እሰግዳለሁ ይላል። ይህ ባዶ ውዳሴ አይምሰልሽ። አድቫይታ በሚባለው ትምህርታቸው የሰው ውስጠኛ ማንነትና ብራህማን አንድ ናቸው። ጉሩ ማለት ይህ የበራለት ሰው ነው። ስለዚህ ለእርሱ መስገድ ለአምላክ መስገድ ነው ብለው ያምናሉ። ሁሉም ሂንዱ ግን እንዲህ አይልም። ማድቫ የተባለው መምህር ተከታዮች አምላክና ሰው ለዘላለም የተለያዩ ናቸው ብለው ያስተምራሉ፤ እነሱም ግን ጉሩ አላቸው።

እኛ ፈጣሪና ፍጡር አንድ አይሆኑም እንላለን። ሰው በጸጋ ይከብራል፣ ይቀደሳል፤ በባሕርዩ ግን አምላክ አይሆንም። ቆርኔሌዎስ ከጴጥሮስ እግር ሥር ወድቆ ሲሰግድለት ሐዋርያው "ተነሣ፤ እኔ ራሴ ደግሞ ሰው ነኝ" ብሎ አነሣው። በልስጥራን ሕዝቡ በርናባስንና ጳውሎስን አማልክት ናቸው ብሎ ሊሠዋላቸው ሲነሣ ልብሳቸውን ቀደዱ። የክርስቲያን መምህር ወደ ራሱ የሚመጣውን ስግደት ሲያይ ይደነግጣል። ካልደነገጠ ልንደነግጥ የሚገባን እኛ ነን።

የእኛው ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ ሳለ ፊልጶስ "የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" ሲለው "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?" አለ። መምህር ያስፈልገው ነበር፤ አላፈረበትም። ፊልጶስ አስተማረው፣ አጠመቀው፣ ከዚያ የጌታ መንፈስ ነጠቀው። ጃንደረባው ዳግመኛ አላየውም፤ ግን ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ። ያገኘው ክርስቶስን ነበርና መምህሩ ሲለየው አልጎደለበትም። የመምህርነት ልኩ ለእኔ ይህ ነው።

የንስሐ አባትሽም እንዲሁ ናቸው። ኃጢአትሽን ሰምተው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ይሉሻል፤ የሚፈታው እርሱ ነው። እሳቸውም ራሳቸው የንስሐ አባት አላቸው፣ እንደ አንቺው ይናዘዛሉ። ከወንጌል የወጣ ነገር ቢያዙሽ ደግሞ አትታዘዢም። ጳውሎስ "እኛ ብንሆን ወይም ከሰማይ መልአክ" የተለየ ወንጌል ቢሰብክላችሁ የተረገመ ይሁን ብሏል። ራሱንም አላስቀረም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ካልተናገርኩ ግን እዋሻለሁ። በእኛም ዘንድ አንድ አጥማቂ ወይም "ባሕታዊ ነኝ" ባይ የተናገረውን ሁሉ ያለ ምርመራ የሚቀበል አለ። ትዳሩን በእሱ ቃል ያፈርሳል፣ መድኃኒቱን ያቆማል፣ ገንዘቡን ያስረክባል። በስም ክርስቲያን ሆኖ በተግባር ሰውን ማምለክ ይሄ ነው። ሕንድም ይህን መከራ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የጆድፑር ፍርድ ቤት በጣም ብዙ ተከታይ የነበረውን አንድ ዝነኛ ጉሩ ልጅን በመድፈር ወንጀል ዕድሜ ልክ እስራት ፈርዶበታል። ይህን የምነግርሽ የእነሱን ጉሩዎች በጅምላ ለመወንጀል አይደለም፤ ብዙዎቹ ንጹሕ ኑሮ ይኖራሉ። የማይጠየቅ መምህር በየትኛውም ሃይማኖት አደገኛ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። የፕሮፌሰርሽን እግር መንካት በሕንድ ለወላጅም ለአያትም የሚደረግ የአክብሮት ሰላምታ ነው። እኛ የትልቅ ሰው ጉልበት ስንስም እንደምናደርገው ማለት ነው። በዚያ ልብ ካደረግሽው ኃጢአት አልልሽም። ካልቀለለሽም እጅሽን አጋጥመሽ በአክብሮት ጎንበስ በይ፣ ማንም አይቀየምሽም። የጉሩውን እግር አጥቦ፣ አበባና ዕጣን አቅርቦ ያንን ጸሎት መድገም ግን አምልኮ ነው፤ እዚያ አትግቢ። በእነሱ አቆጣጠር መስከረም 5፣ በሴፕቴምበር ማለቴ ነው፣ የሚከበረው የመምህራን ቀን ደግሞ ሃይማኖታዊ አይደለም። ያን ቀን ለፕሮፌሰርሽ አበባ ብትሰጪ ደስ ይለኛል።

ማንትራውን አትቀበዪ። ጓደኛሽ በቅንነት "ሃይማኖት መቀየር አያስፈልግሽም" ብላለች። ነገር ግን ዲክሻ የሚሉት ሥርዓት ጉሩውና ደቀ መዝሙሩ የሚተሳሰሩበት ነው፤ ማንትራውም ብዙ ጊዜ የአምላክ ስም የሚጠራበት ጸሎት ነው። አንቺ በጥምቀት የክርስቶስ ሆነሻል፣ ማዕተብሽም አንገትሽ ላይ ነው። "ስለጋበዝሽኝ አመሰግናለሁ፣ እኔ ግን የማምነው ሌላ ነው" በያት። ወዳጅነታችሁ በዚህ አይፈርስም።

ብቻሽን መሆንሽም አሳስቦኛል። ሕንድ ውስጥ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ በቅዱስ ቶማስ ስብከት የምትመካ። ከእኛ ጋር በእምነት አንድ ናት፤ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የኦሪየንታል አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም አብራን ተቀምጣለች። ፑኔም አጥቢያ አላቸው። ቅዳሴው በአብዛኛው በማላያላም ነው፤ ልደትንም ከእኛ ቀድመው ያከብራሉ። አይክበድሽ። ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ አማክሪያቸው፣ ከዚያ እሑድ ጠዋት ሂጂና ካህኑን ከኢትዮጵያ እንደመጣሽ ንገሪያቸው።