20 ወንበር ደርድረሽ ሦስት ሰው ሲመጣ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ነው ፊቴ ላይ ድቅን ያለው። ታካሚዎቹ አብዛኞቹ ስፓኒሽ ተናጋሪ የሆኑበት የቨርጂኒያ ክሊኒክ ገባሽ። "ለስኳር መከላከያ ትምህርት 20 ሰው ሰብስቢ" ተባልሽ። ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰው መጣ። ስፓኒሽሽ ገና ነው፣ አለቃሽ ደግሞ ቁጥር ይጠብቃል። ምን ላድርግ ነው ያልሽው። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

እኔ ነርስ ነኝ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ። ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላና ከሆንዱራስ ከመጡ ቤተሰቦች ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ማታ እኔ ጋ የመጣው አራት ሰው ነበር። ከአራቱ አንዱ የጉንፋን ክትባት የሚሰጥ መስሎት ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፌ ነበር፤ ቶርቲያ፣ ሩዝ፣ ጣፋጭ ዳቦ፣ ሁሉም በቀይ ተሰርዘዋል። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ወረቀቱን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና በአስተርጓሚዋ በኩል "ታዲያ ምን እንብላ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በሳምንቱ አልመጡም። እውነታቸውን ነው። እስቲ አንድ የማያውቃቸው ሰው ተነስቶ እናትሽን "እንጀራ ያቁሙ" ይበላቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ውልቅ ነው የሚሉት።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይኼ ነው። እኛ የምንጠራው ስኳሩ ከፍ ያለውን ሰው ነው። ድስቱ ግን የእሱ አይደለም። የሚገዛው ሌላ፣ የሚያበስለው ሌላ፣ "ለስላሳ ከሌለ አልበላም" የሚለው ደግሞ ልጁ ነው። አባትየውን ለብቻው ማክሰኞ ማታ አስተምረሽ ወደዚያው ቤት ትመልሽዋለሽ። ስለዚህ ሰውየውን ተይውና ቤቱን ጥሪ።

የትምህርቱ ይዘት ላይ አትጨነቂ፣ እሱ የተፈተነ ነው። ይኼ ሁሉ የመጣው ከ3,200 በላይ ሰዎች ከተሳተፉበት፣ ውጤቱ በ2002 ከወጣው የአሜሪካ ጥናት ነው። የክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ግብ የተሰጣቸው ሰዎች ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት በ31 በመቶ። 7 በመቶ እኮ ትንሽ ናት፤ 200 ፓውንድ ለሚመዝን ሰው 14 ፓውንድ ነው። ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ዕውቅና የሚሰጠው ፕሮግራም ዓመት ሙሉ የሚሄድ ነው፤ በመጀመሪያው ስድስት ወር ቢያንስ 16 ጊዜ፣ በሁለተኛው ቢያንስ 6 ጊዜ መገናኘት አለባችሁ። በስፓኒሽ የተዘጋጀ መማሪያም አለው። የቸገረሽ እንግዲህ ትምህርቱ ሳይሆን በሩ ነው።

በሩን የምትከፍትልሽ ፕሮሞቶራ ናት። የእኛን አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስቢ፤ የሰፈሯን ሰው በስሙ የምታውቅ፣ በር አንኳኩታ የምትገባ። እኛ ያገኘናት ሳልቫዶራዊት ማታ ማታ ቢሮ ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት። ዲግሪ የላትም። ግን ማን እንዳረገዘ፣ የማን ባል ከሥራ እንደተባረረ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ታውቃለች። እኔ በስድስት ወር ያልሰበሰብኩትን ሰው በሁለት እሑድ ሰበሰበችው። አንድ ነገር አደራ፦ ይከፈላት። "ለወገኗ ነው፣ በነጻ ትሥራ" የሚል አለቃ ካጋጠመሽ ተከራከሪ። አንቺ በነጻ አትሠሪማ።

የመጀመሪያ ሥራዋ ማክሰኞን መሰረዝ ነበር። "ማክሰኞ ማታ ሰዉ ሁለተኛ ሥራው ላይ ነው" አለችኝ። እሑድ ከስፓኒሹ ቅዳሴ በኋላ አደረገችው፣ እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ። ወጥ ቤት አለው፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ቦታ አለው። ሁለተኛው ሥራዋ ወረቀቴን ከግድግዳ ማውረድ ነበር። በእሱ ፈንታ ሴቶቹን ፑፑሳ አስጋገረቻቸው። አዎ፣ ፑፑሳ! ከበቆሎ ሊጥ የሚጋገር፣ አይብና ባቄላ ውስጡ የሚገባ ቂጣቸው ነው። አይቡን ቀነስ፣ ባቄላውን ጨመር፣ ኩርቲዶ የሚሉትን የጎመን ሰላጣ ከፍ አድርጎ መቆለል፣ አራት ይበላ የነበረ ሁለት። ማንም ምንም አልተከለከለም። ያቺ "ምን እንብላ?" ያሉኝ ሴትዮ ተመልሰው መጡና እንዲያውም እኔን የሊጥ አያያዝ አስተማሩኝ። ሊጡ እጄ ላይ ተሰነጣጥቆ አልቀረም መሰለሽ፣ ሳቁብኝ። ያ ሳቅ ከብዙ ትምህርት ይበልጥ ጠቀመን።

ከምግቡ ይልቅ ዋናው ጠላት መጠጡ ሆኖ ነው ያገኘሁት። አንድ ባለ 20 አውንስ ኮካ 65 ግራም ስኳር አለው፤ 16 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ይኼን በቃል አልተናገርነውም። ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ልጆቹ ስኳሩን በማንኪያ እየቆጠሩ ብርጭቆ ውስጥ እንዲጨምሩ አደረግን። አሥር ላይ ሲደርሱ እናቶቹ መንጫጫት ጀመሩ። ወንዶቹን የያዝናቸውም በዚሁ ነው። ጣሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለን ሰው "በእግርህ ሂድ፣ ስፖርት ሥራ" ብትዪው ይስቅብሻል፣ ልክም ነው። ለእነሱ ጥያቄው "ሥራ ቦታ ስንት ጠርሙስ ትጠጣለህ?" የሚል ነበር። ሦስት አራት ይሉሻል፣ ከኢነርጂ መጠጡ ጋር።

ሱስቶ የሚል ቃል ትሰሚያለሽ። ድንጋጤ ማለት ነው። "ስኳር የያዘኝ ድንበር ስሻገር በደረሰብኝ ድንጋጤ ነው" ይሉሻል። እንዳትስቂ። የእኔ አጎትም ስኳራቸው የመጣው ከብስጭት እንደሆነ እስኪሞቱ ድረስ አልተጠራጠሩም። ክርክር ውስጥ ሳትገቢ ስለ ድንጋጤው አውሪያቸው፣ ከዚያ "አሁን እንዳይብስ ምን እናድርግ?" በይ። "ኢንሱሊን ያሳውራል" የሚለው ግን ዝም አይባልም። ወሬው የመጣው ሰዉ ኢንሱሊን የሚጀምረው ስኳሩ ዓይኑን ከጎዳው በኋላ ስለሆነ ነው። እንዲህ ብለሽ ስታስረጂያቸው ብዙዎቹ ይገባቸዋል።

ፍርሃቱን ደግሞ አትናቂው። እርዳታ የሚወስድ ስደተኛ ግሪን ካርድ እንዲከለከል የሚያደርግ ደንብ በፌብሩዋሪ 2020 ሥራ ላይ ውሎ ማርች 2021 ቀርቷል። የእኛ ትምህርት ከደንቡ ጋር ምንም አያገናኘውም ነበር። ሆኖም አንዲት እናት መጥታ ስሟን ከመዝገቤ ላይ በእስክሪብቶ አጥፍታው ሄደች። ፕሮግራሙ ክብደትና ክትትል እንድትመዘግቢ ያስገድድሻል። ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አታውጪ። ለሲዲሲ የሚላከው ስም ሳይሆን መለያ ቁጥር እንደሆነ ፕሮሞቶራዋ ትንገራቸው፣ ከእሷ ሲሰሙት ያምኑታል።

ስለ ስፓኒሽሽ፦ ሰላምታና ቁጥር ይበቃሻል፣ ሌላውን ለእሷ ተዪው። ልጆችን ግን ለምርመራ ውጤት አስተርጓሚ አታድርጊ። ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ሕጉም አይፈቅድም። አንዴ ሲጣደፉ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ "ለእማማ ስኳር አለብሽ በያት" ተብላ አይቻለሁ። ልጅቷ እናቷን አየቻት፣ ከዚያ ዝም አለች። እናትየው ከፊቷ ላይ ነው ያነበበችው።

ሁሉም ስፓኒሽ ተናጋሪ አንድ እንዳይመስልሽ። እኛ ሐበሾች "አሚጎ" ብለን ሁሉንም እንጠቀልላቸዋለን፣ ደስ አይልም። በብሮንክስ፣ በቺካጎ፣ በማያሚና በሳንዲያጎ ከ16,000 በላይ ሰዎችን የመረመረ ትልቅ ጥናት፣ መነሻቸው ሜክሲኮ የሆነው ላይ ስኳር 18 በመቶ ገደማ፣ ደቡብ አሜሪካ የሆነው ላይ 10 በመቶ ገደማ አግኝቷል። አሜሪካ የቆዩበት ዓመት ሲጨምርም አብሮ ይጨምራል። (ይኼ ለእኛም ነው፤ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤሎች ሲመጡ የስኳር በሽታ ብርቅ ነበር፣ ከዓመታት በኋላ ግን እንደዚያ አልቀረም።) እኔ ደግሞ ለአንዲት ጓቲማላዊት በስፓኒሽ ወረቀት እየሰጠሁ ወራት ቆይቼ፣ የአፍ መፍቻዋ ማም የሚባል የማያ ሕዝብ ቋንቋ መሆኑን ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው።

ውጤቱን ላጋንንልሽ አልፈልግም። ዓመቱን የጨረሱት ከግማሽ ትንሽ ይበልጣሉ። 7 በመቶ የደረሱት ጥቂት ናቸው። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው (ኤዋንሲ የሚሉት ምርመራ) ከ5.7 በታች፣ ማለት ወደ ጤነኛው መጠን የወረደላቸው አሉ፣ እዚያው የቆመባቸውም አሉ፣ የስኳር በሽታ የሚባልበትን 6.5 አልፈው ወደ ሐኪም የላክናቸውም አሉ። ለአለቃሽ በመጀመሪያው ሦስት ወር ቁጥር እንዳይጠብቅ አሁኑኑ ንገሪው።

አሁን ማክሰኞውን ዝጊና ለመጡት ሦስት ሰዎች ደውዪላቸው። ቤታቸው ማን እንደሚያበስል፣ እሑድ የት እንደሚውሉ፣ ሰፈራቸው ውስጥ ሰው ሲታመም መጀመሪያ ማን እንደሚጠራ ጠይቂያቸው። የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ላይ የአንዲት ሴት ስም ደጋግሞ ከመጣ፣ የምትፈልጊያት እሷ ናት። ብቻ ከማታው 3 ሰዓት በኋላ አትደውዪ፤ ብዙዎቹ ለሥራ የሚነሱት ሌሊት 10 ሰዓት ነው።