ጉበታችሁ ላይ ስብ ከተገኘ፦ ከዕፅዋት የተሠሩ ካፕሱሎችን ከመውሰዳችሁ በፊት

በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ሐኪም ጉበታችሁ ላይ ስብ መከማቸቱን ነግሮ «ክብደት ቀንሱ» ከሚል አጭር ምክር ጋር ሲያሰናብታችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ከዕፅዋት የተቀመመ ካፕሱል መፈለግ እንደምትጀምሩ አውቃለሁ። ተስፋችሁ መሠረት የለሽ አይደለም፤ ለስኳር በሽታ በሰፊው የሚታዘዘው ሜትፎርሚን እንኳ መነሻው ጋሌጋ በተባለ ተክል ውስጥ የተገኘ ውህድ ነው። ነገር ግን ሜትፎርሚን መድኃኒት የሆነው መጠኑ ተለክቶ፣ ጉዳቱና ጥቅሙ በሰው ላይ ተፈትኖ ነው።

ሚልክ ቲስል ከተባለው እሾሃማ ተክል ዘር የሚገኘውን ሲሊማሪንን እንመልከት። ማሌዥያ ውስጥ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት 99 ሕሙማን ለ48 ሳምንታት፣ ከፊሎቹ 700 ሚሊ ግራም ሲሊማሪን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሌሎቹ ደግሞ ማስመሰያ ክኒን ወስደዋል። ጥናቱ ዋና ግቡን ባይመታም፣ የጉበት ጠባሳቸው የቀነሰላቸው ሰዎች ሲሊማሪን ከወሰዱት መካከል በርከት ብለው ታይተዋል። ይህ ተጨማሪ ጥናት የሚያሻው መልካም ፍንጭ እንጂ የፈውስ ማረጋገጫ አይደለም። ከአንዳንድ ዕፅዋት የሚገኘው ቤርበሪን የተባለ ውህድም የጉበት ስብን እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ሆኖም ሌሎች መድኃኒቶች በሰውነት ውስጥ የሚብላሉበትን መንገድ ስለሚያውክ፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ደግሞ ፈጽሞ ሊወስዱት ስለማይገባ፣ በራስ ውሳኔ የሚጀመር አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእርድ ካፕሱል ነው። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም በቀላሉ ስለማይገባ፣ አምራቾች ከቁንዶ በርበሬ የሚገኘውን ፓይፐሪን ይጨምሩበታል፤ እንዲህ ያሉ ካፕሱሎችን የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ክፉኛ መጎዳቱ በተለያዩ አገሮች ተመዝግቧል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2018፣ ኢጂሲጂ የተባለውን የአረንጓዴ ሻይ ውህድ በሰፕልመንት መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ መውሰድ የጉበት ጉዳት ምልክቶችን ከፍ እንደሚያደርግ አስታውቋል።

እስካሁን ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ክብደት መቀነስ ነው፤ ከሰውነት ክብደት 5 በመቶ ሲቀንስ ስቡ ይቀንሳል፣ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲቀንስ ደግሞ የጉበቱ ብግነት ይሻሻላል። ሐኪማችሁን በቅድሚያ «ጉበቴ ጠባሳ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ ከመጠየቅ አትቆጠቡ። የምትወስዱትን ካፕሱል ከነብልቃጡ ይዛችሁ ሂዱ። ሽንታችሁ ከጠቆረ ወይም ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ካፕሱሉን አቁማችሁ በዚያው ዕለት ሕክምና ሂዱ።