እርሳስ ጨመርን፣ ቆጠራው ጭራሽ ባሰበት

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ከሪአክተር አጠገብ፣ ከመሬት በላይ፣ ጋዶሊኒየም (ኒውትሮን የሚይዝ ብረት) የተቀላቀለበት የሲንቲሌተር ፈሳሽ፣ ማለት ጨረር ሲመታው ብልጭ የሚል ፈሳሽ፣ ይዘን ከሪአክተሩ የሚወጣውን አንቲኒውትሪኖ የተባለ ቅንጣት እንቆጥራለን። ሪአክተሩ ሥራ ሲያቆምም ቆጠራው ብዙ አይቀንስም። ዙሪያውን እርሳስ ብንጨምር ደግሞ ባሰበት። ምን ይሻላል?»

መጀመሪያ እርሳስ መጨመሩን ያቁሙ። እርሳስ ጋማ ጨረርን ጥሩ አድርጎ ያስቀራል። ግን ከሰማይ የሚወርዱ ሚዩኦኖችና ኒውትሮኖች የተባሉ ቅንጣቶች ሲመቱት ከውስጡ ሌሎች ኒውትሮኖች ይወጣሉ። ጋሻ ያሉት ነገር ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

ኒውትሮኑ የሚያስቸግረው አንቲኒውትሪኖን ስለሚመስል ነው። አንቲኒውትሪኖ ፕሮቶን ሲመታ ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ፀረ ቅንጣት) እና ኒውትሮን ይወጣሉ። ፖዚትሮኑ ወዲያው ብልጭታ ይሰጣል። ኒውትሮኑ ትንሽ ቆይቶ ጋዶሊኒየም ይይዘውና 8 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ በጋማ መልክ ይለቀቃል። ከውጭ የገባ ፈጣን ኒውትሮንም ፕሮቶን ገፍቶ አንድ ብልጭታ ይሰጣል፣ ቀጥሎ ራሱ ይያዛል። ጥንዱ ቁርጥ ያው ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ሪአክተሩ በቆመበት ጊዜ የሰበሰቡትን ዳታ ያውጡ። በሁለቱ ብልጭታዎች መካከል ያለውን ጊዜ በሂስቶግራም ይሳሉት። ጋዶሊኒየሙ በክብደት 0.1 በመቶ ከሆነ ዝምድና ያላቸው፣ ማለት ከአንድ ክስተት የመጡ ጥንዶች፣ 30 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ በሆነ የጊዜ ልክ እየሳሱ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቀረው በአጋጣሚ የተገጣጠመ ነው። እሱን ከሩቁ ጊዜ ለክቶ መቀነስ ቀላል ነው። ሪአክተሩ ቆሞም ቁልቁለቱ ጎልቶ ከታየ ግን ጣጣው በአብዛኛው ከፈጣን ኒውትሮን ነው።

መፍትሔው ፈጣን ኒውትሮንን የሚያዘገየው ሃይድሮጅን ነው። በእርሳሱና በፈሳሹ መካከል ውኃ ወይም ቦሮን ያለበት ፖሊኢትሊን ያስገቡ። ሚዩኦን የሚጠቁሙ ፓነሎችም ይጠቅማሉ፤ ግን ግድግዳው ውስጥ ኒውትሮን አውጥቶ በጎን የሚያልፈውን ሚዩኦን አያዩትም።

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው የብልጭታውን ቅርፅ፣ ማለት ብርሃኑ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚከስም፣ ነው። ፕሮቶን የሚሰጠው ብርሃን ከፖዚትሮኑ ይልቅ ጅራቱ ይረዝማል። ፈሳሽዎ ይህን የሚለይ ዓይነት ካልሆነ መቀየሩ ያዋጣል። በአሜሪካ ኦክ ሪጅ የተሠራው ፕሮስፔክት የተባለ ሙከራ ሊቲየም 6 ያለበት ፈሳሽ ተጠቅሞ፣ ዲቴክተሩንም በክፍል በክፍል ከፋፍሎ፣ ከመሬት በላይ ሆኖ አንቲኒውትሪኖ ለክቷል። ሊቲየም 6 ኒውትሮን ሲይዝ የሚወጡት አልፋና ትሪቶን የተባሉ ቅንጣቶች እዚያው አጠገቡ ስለሚቆሙ ሁለተኛውም ብልጭታ በቅርፁና በቦታው ይለያል።

አደራ፣ የአየር ግፊትን አብረው ይመዝግቡ። ግፊቱ ሲወርድ ከሰማይ የሚመጣው ኒውትሮን ይጨምራል። ይህን ሳያርሙ ሪአክተሩ የቆመበትን ቆጠራ ከሠራበት ላይ ቢቀንሱ ልዩነቱ ያሳስትዎታል።