ሻጩ «እርጥበቱን በሲሚንቶ አስለስኜ አስረክብሻለሁ» ካለሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአሮጌው ሰፈር፣ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው በቆሙበት ጠባብ መንገድ ውስጥ የድንጋይ ቤት አግኝተሻል። ዋጋው ካሰብሽው ያንሳል። የግድግዳው የታችኛው ክፍል እርጥበት አለው፤ ሻጩ ደግሞ በሲሚንቶ አስለስኖ ሊያስረክብሽ ቃል ገብቷል። «ከመፈረሜ በፊት ምን ላጣራ?» ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ሰነዱን አጣሪ፣ ጠበቃ ያዢ ብለውሻል፤ ልክ ናቸው፣ አልደግመውም። እኔ የምጽፍልሽ ከሰባት ዓመት በፊት ልክ እንዳንቺ ያለ ቤት ስገዛ ማንም ያልነገረኝን ነው።

1. ሻጩ ግድግዳውን እንዳይነካው ዛሬውኑ ንገሪው። ቤቱን ከነሕመሙ ተረከቢ። የሚያሳክክ ቁስል በፋሻ ተሸፍኖ ሲሰጥሽ ዳነ ማለት አይደለም። የድሮ ድንጋይ ቤት የተያያዘው በኖራ ወይም በጭቃ ነው። ፖርትላንድ የሚባለው፣ ዛሬ የምናውቀው ሲሚንቶ ራሱ የፈጠራ መብት የተመዘገበለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ነው፤ በየሰፈሩ ግንበኛ እጅ እስኪገባ ደግሞ ብዙ ዘመን ወስዷል። የድሮው ግድግዳ ከመሬት ውሃ ይስባል፤ ብዙውን ጊዜ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ይወጣና በኖራው በኩል ወደ አየር ይተናል። ሲሚንቶ ስትለጥፊበት መውጫው ይዘጋል። ውሃው ታዲያ አይጠፋም፤ ወይ ሽቅብ ይሄዳል፣ ወይ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። አብሮት የመጣው ጨው ከልስኑ ጀርባ እየጠጠረ የድንጋዩን ፊት ይፈለፍለዋል።

2. ግድግዳው የማን እንደሆነ እወቂ። እንዲህ ባለ ሰፈር አንድ ግድግዳ ሁለት ቤት ይሸከማል። አንዳንዴም የጎረቤት መኝታ ቤት ከአንቺ ወጥ ቤት በላይ ይሆናል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይጠግናል የሚለው ጥያቄ ያኔ ይመጣል። እኔ ይህን ያወቅኩት በወረቀት አይደለም።

ቤቱን የገዛሁት በደረቅ ወቅት ነው። እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ ይፈረፈር ነበር። የቀጠርኩት ግንበኛ ለአዲስ ሕንፃ እጁ የተመሰከረለት ነው፤ በሦስት ቀን ውስጡን በሲሚንቶ ለሰነው፤ ድብልቅ ተረፈኝ ብሎ የመንገዱንም ፊት ለሰነልኝ። እኔም ደስ ብሎኝ በላዩ የፕላስቲክ ቀለም አስቀባሁ። አዲስ መሰለ። ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ላክሁ።

በሁለተኛው የዝናብ ወቅት ግድግዳውን በጣቴ አንጓ ሳንኳኳው እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ከልስኑ ጠርዝ በላይ፣ ደረቴ ትክክል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አቆጥቁጧል። በጣቴ ጠርጌ ቀመስኩት፤ ጨው ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። ጡረታ የወጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። «ና፣ የማሳይህ አለኝ» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ከእኔ ጋር በሚጋሩት ግድግዳ ላይ፣ የልጅ ቁመት እንደሚለካ ሁሉ፣ በእርሳስ የተሰመሩ መስመሮች አሉ፤ በእያንዳንዱ ጎን ቀን ተጽፏል። የታችኛው መስመር ከወለሉ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። የላይኛው መስኮቱ ደፍ ደርሷል። የመጀመሪያው ቀን የእኔ ግንበኛ መሣሪያውን ሰብስቦ የሄደበት ሳምንት ነው።

«ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?» አልኳቸው።

«ማስረጃው እስኪሞላ ነው» አሉኝ።

የእርሳቸውን ግድግዳ ከፈልኩ። ከግድግዳው ጋር የተጠጋውን ቁም ሣጥንም ከፈልኩ፤ ምንም እንኳ እስከ ዛሬ ድረስ ያ ቁም ሣጥን እኔ ሰፈሩን ከመርገጤ በፊት የበሰበሰ ነው ብዬ ባምንም።

አሁን ወደ ቅርስ ጥበቃው ቢሮ ልምጣ፤ ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ቤቱ በቅርስ ጥበቃ ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ ማለትም የውጭውን ገጽታ ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም። ሻጩ «ያ ለትልልቆቹ ሕንፃዎች ብቻ ነው» ብሎኝ አምኜዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ ልስኑን አንሣ፣ ወደ ቀድሞው መልክ መልስ የሚል ደብዳቤ መጣ። እኔም ማንሣቱን ፈልጌዋለሁ! ነገር ግን ለማንሣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ የሚሰጠው ጥፋት ለሌለበት ነው፤ ጥፋቱ የሚሰረዘው ደግሞ ልስኑ ሲነሣ ነው። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ፋይሌ ሁልጊዜ ሌላ መስኮት ነው። በመጨረሻ አንዱ ሠራተኛ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ቀድሞ ምን ይመስል ነበር? ፎቶ አምጣ» አለኝ። የለኝም። በስልኬ ያለው የመጀመሪያው ፎቶ ያ በኩራት የላክሁት፣ የተለሰነው ነው።

«እንግዲያ ቤቱን ስትገዛ ምን ነበር የምታየው?» አለኝ።

ንግግሩ ባለጌ ነበር። የባሰው ግን መልስ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ቁልፍ የተረከብሽ ዕለት፣ መጥረጊያ ከመያዝሽ በፊት፣ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ በር፣ መስኮት፣ የደረጃውን ድንጋይ ሳይቀር ፎቶ አንሺ።

ከዚህ ጉድ ያወጡኝ እኒያው ጎረቤቴ ናቸው። የልጃቸው የሠርግ ፎቶ ነበራቸው፤ ሙሽራዋ ወደ መንገዱ ስትወጣ፣ ከትከሻዋ በስተጀርባ የእኔ ግድግዳ ከነድንጋዩ፣ መስኮቱም ባለ ስድስት መስታወት ሆኖ ይታያል። ፎቶውን ያዋሱኝ ግን በደብተራቸው ላይ አስፈርመው ነው።

አንድ የሚያጽናናኝ ነገር ላንሣ። በግሪክ፣ የጥንት ቤተ መቅደሶች በቆሙበት የአቴንስ ኮረብታ በአክሮፖሊስ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኒኮላዎስ ባላኖስ የተባለው መሐንዲስ የእብነ በረዱን ድንጋዮች በብረት ማያያዣ አሠራቸው። ብረቱ ዝጎ አበጠና እብነ በረዱን ሰነጠቀው። የጥንቶቹ ግንበኞች ግን ብረታቸውን በእርሳስ ማዕድን ይሸፍኑት ነበር። በኋላ የመጡት ጠጋኞች የባላኖስን ብረት እየነቀሉ በቲታኒየም ተኩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 የወጣው የአቴንስ ቻርተር የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥገና ሰነድም ለጥንታዊ ሐውልቶች ጥገና የተጠናከረ ኮንክሪትን በጥንቃቄ መጠቀምን ፈቅዶ ነበር። የተማሩት እንዲህ ካደረጉ በእኔ ግንበኛ ምን ይፈረድበታል?

ፈቃዱ ሲገኝ ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ አስነሣሁት፤ ግድግዳው እንዳይናጋ ማሽን አላስነካሁም። ብዙ ድንጋይ ፊቱን አብሮ ተገፈፈ፤ ያ አይመለስም። ከዚያ አንድ ሙሉ ደረቅ ወቅት ራቁቱን ተውኩት። ወፍራም ግድግዳ በሳምንት አይደርቅም፤ ቶሎ ይደርቃል የሚልሽን ግንበኛ አሰናብቺው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ የገባኝም ያኔ ነው፦ አሸንዳዬ ከኋላ በኩል ተሰብሯል፤ መንገዱ ደግሞ በየዘመኑ በድሮው ንጣፍ ላይ ሌላ እየተደረበበት ከወለሌ በላይ ሆኗል። የአንቺም አሸንዳ የተሰበረ እንደሚሆን አልጠራጠርም። መጀመሪያ እሱን ብጠግን ኖሮ ግማሹ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ልስኑን በኖራ የሠሩልኝ አንድ አዛውንት ግንበኛ ናቸው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ ቀስ ይላል፤ ፀሐይ ከቀደመው ይሰነጠቃል። እርጥብ ጆንያ አልብሼ ጠዋትና ማታ ውሃ እረጭ ነበር። የትንሿን ክፍል አንድ ግድግዳ እኔው በእጄ ለሰንኩ። ማዕዘኑ ወላዋይ ነው፤ እንግዳ ሁሉ «ይህን አላስተካከልክም?» ይለኛል። ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

3. ቁጥር መስጠት ጀምሬ ነበር፤ እዚህ ላይ ቶሎ ቶሎ ልበል። የመንገዱን ስፋት በሜትር ለኪ። መኪና ካልገባ አሸዋውም ድንጋዩም በትከሻ ነው የሚገባው፤ የጉልበት ዋጋ ከዕቃው ይበልጣል። በሞሮኮ ፌዝ አሮጌ ከተማ ይህን ሥራ እስከ ዛሬ አህያና በቅሎ ይሠሩታል፤ የእኔ ሰፈር አህያ እንኳ የለውም። ቤቱ የውርስ ከሆነ ሁሉም ወራሾች ይፈርሙ፤ ውጭ አገር ያለውም ጭምር። ጥበቃው ውጭውን ብቻ ይሁን ውስጡንም ይጨምር፣ ከሻጭ ወይም ከደላላ ሳይሆን ከቢሮው በጽሑፍ ተቀበዪ። ድምፅን በተመለከተ፦ ጎረቤቴ ሲያስሉ እሰማለሁ፤ እርሳቸውም እኔን ይሰማሉ፤ ስለዚህ ሰው ሲጠላሽም አብሮሽ ይኖራል።

ቤቱን ዳግም ለማየት ዝናብ በጣለ ማግስት ሂጂ። ሻጩ ሰሞኑን ቀለም ቀብቶ ከሆነ በየት ከፍታ ላይ እንዳቆመ ልብ በዪ። ግድግዳውን አንኳኪ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት በር እለፊና «በግድግዳዎ ላይ በእርሳስ የተሰመረ ነገር ይኖር ይሆን?» ብለሽ ጠይቂ። የእኔዎቹ መስመሮች ዛሬም አሉ። የመጨረሻው ቀን ሦስት ዓመት አልፎታል፤ እርሳሱን ግን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አላነሡትም።