ብርዝ ይጠመቃል እንዴ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው። ከእናቴ ጋር አነስ ያለች ጁስ ቤት ልንከፍት ነው። ከጁስ ሌላ ብርዝ፣ በሶ፣ ተልባ፣ አብሽና ቀሪቦ ይኖረናል። አልኮል የሚባል ነገር የለም። ስልኬ ላይ እያስተረጎምኩ ለሰሌዳው «ለሞቃታማ የክረምት ቀናት በቤት የተጠመቁ አዳሽ መጠጦች» የሚል አዘጋጀሁ። ሰሌዳ ጻፊው አይቶ ሳቀብኝ። ጎረቤታችን ያሉ አንድ አባት ደግሞ «ልጄ፣ ያሰክራል እንዴ?» አሉኝ። ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰሌዳ ጻፊው መሳቁ ደግ ባይሆንም ቀለሙ ሳይነካ መሳቁ በጀሽ። ሰዋስዉማ ደህና ነው። ችግሩ ቃላቱ ሌላ ቤት የለመዱ ናቸው። የጎረቤትሽ አባት የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

አማርኛ ለሚጠጣ ነገር ሁሉ አንድ ግስ አይሰጥም። ጠላ ይጠመቃል። ጠጅ ይጣላል። አረቄ ይወጣል። ቡና ይፈላል። ሙያ የምታውቅ ሴት ፊት «ጠጅ ጠመቅኩ» ብትይ አትቆጣሽም፣ ግን ጠጅ ጥለሽ እንደማታውቂ ወዲያው ይገባታል። ጠላማ ገና ከመጠመቁ በፊት ሌላ ግስ አለው፤ ይጠነሰሳል። ሴራ የሚጠነሰሰውም ከዚያው ጋን አጠገብ ተወስዶ ነው። እና «የተጠመቀ» የሚል ሰሌዳ ያነበበ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ጌሾ፣ ብቅልና ጋን ነው። ጅማ ውስጥ ደግሞ አልኮል ጨርሶ የማይቀምስ ደንበኛ ሞልቷል። እሳቸው ጠየቁሽ፣ ሌላው ግን ሳይጠይቅ አልፎ ይሄዳል።

«መጠጥ» የሚለውም ነገሩን አብሶታል። መዝገበ ቃላት ላይ መጠጥ ማለት የሚጠጣ ሁሉ ነው። ሰው አፍ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። «ባሏ መጠጥ ይወዳል» ሲባል ስለ አሬራ የሚያስብ የለም። «መጠጥ ቤት» ቢባልማ ጁስ ቤት ብሎ የሚገባ አይኖርም። ለብቻው ሲቆም ቃሉ ወደ አልኮሉ ያዘነብላል። ከጎኑ አንድ ነገር ሲጨመርለት ይቃናል። «ለስላሳ መጠጥ» አልኮል የለውም፤ እሱ ግን ለአንቺ አይሆንሽም፣ ምክንያቱም «ለስላሳ አምጪልኝ» ያለ ሰው የሚጠብቀው በጠርሙስ የታሸገውን ነው።

አሁን ወደ ብርዝ። ብርዝ ስሙ ራሱ አሠራሩን ይናገራል። በረዘ ማለት ማርን በውሃ አቀጠነ ማለት ነው፣ ውጤቱ ብርዝ። እናትሽ ስትሠራው ተመልከቺያት። ማሩ ለብ ባለ ውሃ እየተበጠበጠ ሲሟሟ ሰፈፉ ወደ ላይ ይወጣል። ሰፈፍ የተባለውም ስለሚሰፍፍ ነው፣ «ተንሳፈፈ» ከምንለው ጋር አንድ ዘር ነው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ጌሾ የለ፣ ጥንስስ የለ። ስለዚህ ብርዝ አይጠመቅም፣ አይጣልምም። ይበረዛል።

ግን አደራ! «ይበረዛል» አልኩ ብለሽ ሰሌዳው ላይ «ከተበረዘ ማር የተዘጋጀ» ብለሽ እንዳትጽፊ። «የተበረዘ ማር» ማለት ስኳርና ውሃ የተጨመረበት፣ ገዢ የሚታለልበት ማር ነው። ይሄው ግስ ከማር ወጥቶ ባህል ይበረዛል፣ ቋንቋ ይበረዛል እያልን ለክፉ ብቻ የምንጠቀምበት ሆኗል። ስሙ ግን ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል። «ብርዝ» ብለሽ ከጻፍሽ ማንም አይጠረጥርሽም፣ «የተበረዘ» ካልሽ ግን ደንበኛሽን አጣሽ። ማርሽን ማመስገን ከፈለግሽ «ካልተበረዘ ማር የተሠራ ብርዝ» ማለት ትችያለሽ። ቀልድ ይመስላል፣ አማርኛው ግን ትክክል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛው የቋንቋም የጓዳም ነው። ብርዝ ሙቀት ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ከሰነበተ አረፋ ያወጣል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። ያኔ «ፈላ» ይባላል። እሳት አልነካውም እኮ፣ ግን ፈላ። ጠጅም እንደዚሁ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ደንበኛ «የፈላ ነው?» ብሎ ከጠየቀሽ «አዎ፣ ውሃውን አፍልተን ነው የሠራነው» ብለሽ እንዳትመልሺ። እሱ የጠየቀሽ ስለ እሳት አይደለም። «የዛሬ ነው» በይው።

በሶ ቀላል ነው። አበበ በሶ በላ ብለን ነው ሁላችንም ፊደል የቆጠርነው፣ እና አንዳንዱ «በሶ ይበላል እንጂ ይጠጣል?» ይላል። ሁለቱም። ዱቄቱ በጥቂት ውሃ ታሽቶ ሲጨበጥ ጭብጦ ነው፣ ይበላል። ውሃው በዝቶ ሲቀጥን ይበጠበጣል፣ ይጠጣል። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ዱቄቱን፣ ውሃውን፣ ትንሽ ጨው ወይም ስኳር ከቶ ክዳኑን አጥብቆ መናጥ የሚያውቅ ሁሉ በሶ በጥብጧል ማለት ነው። ተልባም ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ይበጠበጣል። በጠበጠም እንደ በረዘ ስሙ ጠፍቷል። ሰፈር የሚያውከው በጥባጭ ነው። «በጥባጭ ሳለ ማን ጥሩ ይጠጣል» የሚለውን ተረት ብዙ ሰው ዛሬ የሚሰማው አጣሞ ነው። ጥሩ እዚያ ላይ «መልካም» ማለት አይደለም፤ የጠራ ውሃ ማለት ነው። ከላይ ያለው ሰው ወንዙን ሲያደፈርስ ከታች ያለው የጠራ አያገኝም። ለበሶ ግን መበጥበጥ ነውር የለበትም፣ «በሶ ብጥብጥ» ብለሽ ብትጽፊ አፍ ላይም ያምራል።

አብሽ ላይ አደንቅሻለሁ፣ ብዙ ጁስ ቤት አይደፍረውም። ረመዳን የያዘ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ዱቄቱ ይዘፈዘፋል፣ ላይ ላዩ መራራ ውሃ እየተደፋ ሌላ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ነጭ ሆኖ እስኪነፋ ድረስ ይመታል፣ በመጨረሻ ሎሚና ስኳር ወይም ማር ይገባበታል። እዚህ ላይ ዋናው ግስ መታ ነው። «አብሽ በጠበጥኩ» ብትይ ስህተት ባይባልም ያላበቃ ሥራ ይመስላል፣ ምክንያቱም በመበጥበጥ ብቻ ያ አረፋ አይመጣም። ክንድ ይጠይቃል።

ቀሪቦ ነው ያስቸገረኝ። ገብሱ ጠቆር እስኪል ይቆላል፣ በውሃ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ሲቀዘቅዝ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ያድራል። አሠራሩን ብቻ ካየሽ ከጠላ ብዙም አይርቅም፣ «ተጠመቀ» ቢባል የሚከራከርሽ የቋንቋ ሰው አይኖርም። ነገር ግን ሰዉ ቀሪቦን የሚወደው ጠላ ስላልሆነ ነው። ጌሾ የለበትም፣ ሰርግም ኢድም ላይ ልጅ አዋቂው ይጠጣዋል። ቃል ከትርጉሙ ሌላ ጎረቤት አለው፣ የ«ጠመቀ» ጎረቤት ደግሞ ጌሾ ነው። እኔ ብሆን ቀሪቦን «ሠራን» እላለሁ፣ ሰሌዳው ላይም ከስሙ አጠገብ «ጌሾ የሌለው» ብዬ እጨምራለሁ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጁስና ጭማቂ ላይ ብዙ አልቆይም። ጁስ ባዕድ ነው፣ ጭማቂ በሉ የሚሉ አሉ። ለብርቱካንና ለሎሚ እስማማለሁ፣ እነሱ በእርግጥ ይጨመቃሉ። አቮካዶን ግን ማን ጨምቆት ያውቃል? ይፈጫል፣ ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ ያቆማል፣ አንዳንዴም በማንኪያ ይበላል። «የአቮካዶ ጭማቂ» ዜና ላይ ካልሆነ ጅማ መርካቶ ውስጥ አትሰሚውም። ማንጎና ፓፓያም እንደዚያው። ጁስ ብለሽ ጻፊ፣ ቃሉ ከገባ ቆይቷል፣ ቤቱንም «ጁስ ቤት» ብለነዋል።

«አዳሽ» የሚለውን ማን እንዳመጣብሽ ይታወቃል፣ ስልክሽ ነው። ማደስ በአማርኛ ያረጀን ነገር ነው፤ ቤት ይታደሳል፣ መንጃ ፈቃድ ይታደሳል፣ ዝክር ወይም ቃል ኪዳን ይታደሳል። በሶ ጠጥቶ «ታደስኩ» የሚል ሰው ካለ እኔ አልገጠመኝም። እኛ ሙቀት ላይ ቀዝቃዛ ነገር ስንጠጣ የምንለው ሞልቶናል። ጥሜን ቆረጠልኝ እንላለን። አንጀቴን አራሰው እንላለን፣ እሱ ከሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም የደረቀ ነገር ውሃ ሲያገኝ ያለውን ነው የሚነግርሽ። ልብ የሚያርስም ይባላል፣ እሱ ግን ወደ መልካም ወሬ ያደላል። «አንጀት የሚያርስ» ወይም «ጥም ቆራጭ» ብትይ የሚያልፈው ሰው ምራቁን ይውጣል።

እና ክረምቱ! ሰሌዳ ጻፊው የሳቀው እዚህ ጋ ሳይሆን አይቀርም። ስልኩ የፈረንጆቹን ሞቃት ወቅት «ክረምት» ይለዋል። ምናልባት ሐምሌና ነሐሴ ስለሚገጥም ነው፤ ተማሪውም «የክረምት እረፍት» ስለሚል ነገሩ የባሰ ይምታታል። በእኛ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፣ ዝናብ ነው። ሐምሌ ላይ ጅማ ጃንጥላ ይዞ ጭቃ እየዘለለ የሚሄድ ሰው «ለሞቃታማ የክረምት ቀናት» የሚል ሲያነብ ምን ይበል? የምትፈልጊው በጋን ነው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25። ጅማ ላይ ፀሐዩ የሚያቃጥለው የካቲትና መጋቢት ስለሆነ በጋ ብትይ አትሳሳቺም። (ጸደይን ለመስከረም አበባ የሚሰጡ አሉ፤ በዚያው በጥንቱ አከፋፈል ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። መስከረም 26 የሚገባው መጸው ነው። ይሄ ግን የአንቺ ሰሌዳ ጉዳይ አይደለም።) እንዲያውም ወቅቱን ባትጠቅሺ ይሻላል። ክረምት ሲገባ ሰሌዳውን ልታወርጂው ነው? «ለፀሐይ» ወይም «ለሙቀት» ይበቃል።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ አጽፍ ነበር፦ «ለሙቀት አንጀት የሚያርስ! የቤት ብርዝ፣ በሶ ብጥብጥ፣ ተልባ፣ አብሽ፣ ጌሾ የሌለው ቀሪቦ፣ ጁስ።» አሠራሩን የሚናገር ግስ የለበትም። «የተጠመቀ»ም «የተዘጋጀ»ም አላስፈለገም። «የተዘጋጀ» ስህተት የለውም፣ ግን የስብሰባ ሽታ አለው። «የቤት» የምትለዋ ብቻዋን ትበቃለች፣ ብርዙ ከሱቅ አለመምጣቱን ትናገራለች።

ሰሌዳው ላይ በኦሮምኛም የምታጽፊ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን ከዚህ ከእኔ አማርኛ ላይ እንዳታስተረጉሚው። ማር ዳማ፣ ጠጅ ዳዲ መሆኑን ብታውቂም ግሱና አባባሉ የራሱ መንገድ አለው፣ ስልኩም ለኦሮምኛ ከአማርኛው የተሻለ አይራራልሽም። እናትሽን ወይም ያንኑ «ያሰክራል እንዴ?» ያሉሽን አባት፣ ቋንቋው የአፋቸው ከሆነ፣ አንድ ብርጭቆ ብርዝ ቀድተሽላቸው ይሄ በእናንተ አፍ ምን ይባላል፣ ሲሠራስ ምን ይባላል ብለሽ ጠይቂ። ቀድተሽ ከሆነ ደግሞ የዛሬውን ቅጂላቸው።